የምትኖሩበትን የእንግሊዝ መንደር ታሪክ እንዴት ትቆፍራላችሁ?

እንግሊዝ አገር ከትልቅ ከተማ ወጣ ብላችሁ የምትኖሩ ከሆነ ይሄ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄዱ በየቀኑ የምታልፉት አንድ የጎበጠ ቤት አለ። ጣሪያው ወደ አንድ በኩል አዘንብሏል፣ ግድግዳው ላይ ጥቋቁር እንጨት ተጋድሟል፣ በሩ ላይ ጎንበስ ካላላችሁ ግንባራችሁን ይላችኋል። ጎረቤት ስትጠይቁ "እሱማ አምስት መቶ ዓመቱ ነው፣ እንጨቱም ከድሮ መርከብ የተነቀለ ነው" ይባላል። እኔም ሰምቼ አምኜ ነበር። ለእንግዳም በኩራት አውርቻለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የመርከቡ ወሬ በየመንደሩ አለ፣ የባሕር ሽታ እንኳ በማይደርስበት መንደር። እንጨቱ ላይ ያለ ሥራ የቀሩ ቀዳዳዎች ስላሉ ሰዉ "ከሌላ ቦታ የመጣ ነው" ይላል። እሱስ ልክ ነው። ግን ብዙ ጊዜ የመጣው ከፈረሰ ጎረቤት ቤት ነው። ጥሩ እንጨት ውድ ነበር፣ ማንም አይጥለውም።

ታዲያ እውነቱን እንዴት ታገኛላችሁ? እኔ ዓመታት ፈጅቶብኝ የገባኝ አንድ ዘዴ አለ፦ ገንዘቡን ተከተሉ። የእንግሊዝ መንደር ታሪክ የተጻፈው ታሪክ ወዳድ ስለበዛ አይደለም። አንድ ሰው ከሌላው ብር ሊሰበስብ ስለፈለገ ነው። ንጉሡ ግብር ፈለገ፣ ቄሱ አስራት ፈለገ፣ መንደሩ ድሀውን ላለማብላት ፈለገ። እያንዳንዱን ወረቀት ስትከፍቱ "እዚህ ላይ ማን ከማን እየተቀበለ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ግማሹ ይፈታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለምሳሌ እንዲሆነን በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሳፎክ ካውንቲ ውስጥ ያለችውን ላቨንሃምን እየጠራሁ እሄዳለሁ። ትንሽ መንደር ናት፣ በቅርስነት የተመዘገቡ ቤቶቿ ግን ከ300 በላይ ናቸው።

አጥቢያውን ለዩ

ፓሪሽ የሚሉት ነገር በኛ አነጋገር አጥቢያ ነው፣ ግን አጥቢያ ብቻ አይደለም። ደብርም ቀበሌም በአንድ ላይ ነበር ብትሉ ይቀላል። በ1601 የወጣው የድሆች ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ድሆች ከራሱ ነዋሪ በሚሰበስበው ገንዘብ እንዲረዳ አስገደደ። ስለዚህ የክርስትናው መዝገብና የመዋጮው ሒሳብ እዚያው ቤተክርስቲያን፣ አንድ ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ሣጥኑን ካያችሁት ደስ ይላል። ወፍራም የኦክ እንጨት፣ በብረት የታሰረ፣ ከአንድ በላይ ቁልፍ ያለው። አንዱን ቁልፍ ቄሱ ይይዛል፣ ሌላውን የአጥቢያው ሹሞች፤ ማንም ብቻውን እንዳይከፍት ነው። የኛን ዕቃ ቤት ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም።

በ19ኛው መቶ ዘመን የቤተክርስቲያኑና የአስተዳደሩ ፓሪሽ ተለያዩ፣ በ1894 በወጣ ሕግም የአስተዳደሩ ፓሪሽ የራሱን ምክር ቤት አገኘ። ወሰኖቹም ተነካክተዋል። እናም የፖስታ አድራሻችሁ ላይ ያለው ስም የድሮ አጥቢያችሁ ላይሆን ይችላል። ይሄን ሳታጣሩ እንዳትጀምሩ። እኔ አንድ ጊዜ ሱተን የሚባል አጥቢያ መዝገብ ሙሉ ቀን ሳገላብጥ ውዬ፣ ማታ ላይ የሌላ ሱተን መሆኑን ደረስኩበት። እንግሊዝ ውስጥ ሱተን በሽ ነው። ካውንቲውን ሁልጊዜ ከስሙ ጋር ጻፉ።

ቦሮ ደግሞ ሌላ ነው። ድሮ ቦሮ ማለት ከንጉሥ ደብዳቤ አግኝቶ ራሱን የሚያስተዳድር፣ ብዙ ጊዜም ፓርላማ ሰው የሚልክ ከተማ ነበር። ደብዳቤውም በነፃ አልመጣም፣ ይከፈልበት ነበር። አስቂኙ ነገር ከተማው ሲሞት መብቱ አብሮት አለመሞቱ ነው። እዚያው ሳፎክ ውስጥ ዳንዊች የምትባል ትልቅ ወደብ ነበረች። ባሕሩ እየበላ እየበላ አብዛኛዋን ወሰዳት፣ እሷ ግን እስከ 1832 ድረስ ሁለት የፓርላማ አባላት ትልክ ነበር። የዛሬዎቹ የለንደን ቦሮዎች ከእነዚህ ጋር አይገናኙም። 32ቱም በ1965 ሥራ የጀመሩ አዲሶች ናቸው። ካምደን የሚኖር ሰው "የካምደን መዝገብ 1750" ብሎ ቢፈልግ ብዙ አያገኝም። ካምደን የተሠራው ከሃምስቴድ፣ ከሆልበርንና ከሴንት ፓንክራስ ስለሆነ ፍለጋው በነሱ ስም ነው።

ከቤት ሳትወጡ

ሰው ቶሎ ብሎ ወደ ቤተ መዛግብት ይሮጣል። አትሩጡ። መጀመሪያ ካርታ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ የእንግሊዝንም የድሮ የኦርድናንስ ሰርቬይ (የመንግሥት ካርታ ሠሪው መሥሪያ ቤት) ካርታዎች በነፃ ያሳያል፣ ስሙ አያታላችሁ። የድሮውን ካርታና የዛሬውን የሳተላይት ፎቶ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ መመልከቻ አለው። አንድ ማይል በ25 ኢንች የተሳለበትን ምረጡ። የእያንዳንዱ ቤት ቅርጽ፣ የጓሮው አጥር፣ የውሃ ጉድጓዱ ሳይቀር አለ። ቤታችሁ በ1880ዎቹ ካርታ ላይ ከሌለ የ"አምስት መቶ ዓመት" ወሬ እዚያው አለቀ።

ከዚያ የአስራት ካርታ። ይሄን እኔ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ገበሬው ለቤተክርስቲያን ከእህሉ፣ ከጠቦቱ፣ ከወተቱ አንድ አሥረኛ ይሰጥ ነበር። በ1836 ሕግ ወጣና ይሄ ሁሉ ወደ ገንዘብ እንዲቀየር ተባለ። ማን ስንት እንደሚከፍል ለመወሰን እያንዳንዱ ማሳ መለካት ነበረበት። እናም በቀጣዮቹ ዓመታት ብዙው የእንግሊዝ አጥቢያ ትልቅ ካርታና ከሱ ጋር የሚሄድ ዝርዝር ተሠራለት፦ የማሳው ቁጥር፣ ባለቤቱ፣ የሚያርሰው ሰው፣ ስፋቱ፣ ምን እንደሚዘራበት፣ የማሳው ስም። የማሳ ስም ቀልድ አይደለም። "የጡብ ጉድጓድ" የሚባል ማሳ ካለ አካባቢው ያለው ጡብ ከየት እንደመጣ ፍንጭ አገኛችሁ። ካርታውን በካውንቲው ቤተ መዛግብት ወይም ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ታገኙታላችሁ። አንዳንድ ካውንቲዎች ኢንተርኔት ላይ ጭነውታል።

ሦስተኛ፣ ዱምስደይ፣ የድሮው የመሬትና የንብረት ቆጠራ መጽሐፍ። ከኖርማንዲ የመጣው ንጉሥ ዊልያም አገሩን በ1066 ያዘ፣ በ1085 ገና ሰሞን ግሎስተር ላይ ሆኖ "ያለኝ ምንድን ነው? ስንት ይወጣዋል?" ብሎ ቆጠራ አዘዘ፣ ቆጠራውም በ1086 ተካሄደ። ኦፕን ዱምስደይ በሚባለው ድረ ገጽ የመንደራችሁን ስም ጻፉና የገጹን ፎቶ እዩ። ሳፎክ፣ ኖርፎክና ኤሴክስ ደግሞ ዕድለኞች ናቸው። የነሱ ቆጠራ ሳያጥር ስለቀረ አሳማና በግ ሳይቀር ተቆጥሯል። ላቨንሃምን ብትፈልጉ ከወረራው በፊት ኡልዊን የሚባል ሰው እንደነበረው፣ በኋላ ኦብሪ ደ ቪር እንደያዘው ታያላችሁ። ይሄን የደ ቪር ስም ያዙት፣ እንመለስበታለን። ለንደንን ግን እዚያ አትፈልጉ፣ አልገባችም። ደርሃምና ኖርዘምበርላንድም የሉም።

ብሪቲሽ ሂስትሪ ኦንላይን የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የቪክቶሪያ ካውንቲ ሂስትሪ፣ ማለትም የየካውንቲውን ታሪክ አጥቢያ በአጥቢያ የሚጽፈው ሥራ፣ ጥራዞች አሉ። በ1899 የተጀመረ ሥራ ነው፣ እስካሁን አላለቀም። አጥቢያችሁ ከተጻፈለት ግማሽ ሥራችሁ ተሠርቷል፣ የባለርስቱን ተራ ሁሉ ከነማስረጃው ታገኛላችሁ። ካልተጻፈለት አትናደዱ። ሳፎክ ለምሳሌ ሁለት ጠቅላላ ጥራዝ ብቻ ነው ያላት፣ ስለ ላቨንሃም የተለየ ምዕራፍ የለም።

የቤቱን ፊት አትመኑ

አሁን ወደ ሕንፃው። ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የሚባለው የመንግሥት የቅርስ ተቋም የሚይዘው ብሔራዊ የቅርስ ዝርዝር ነፃ ነው፣ ወደ 400,000 የሚጠጋ መዝገብ አለው። ደረጃው ሦስት ነው፦ ግሬድ 1፣ ግሬድ 2 ስታርና ግሬድ 2። ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆነው ግሬድ 2 ነው፣ ስለዚህ ቤት ሻጭ "በቅርስነት የተመዘገበ!" ብሎ ሲጮህ ብዙ አትደንግጡ። ለመለማመድ ባዝ ከተማ ያለውን ፌርፊልድ ሃውስን ፈልጉ። ጃንሆይ በስደት ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት፣ በኋላም በ1958 ለከተማዋ አረጋውያን የሰጡት ቤት ነው። መዝገቡን ከፍታችሁ ስለ ግድግዳው ምን እንደሚል፣ ስለ ሰውየውስ ምን እንደሚል አወዳድሩ።

መዝገቡን ስታነቡ ቀኑን እዩ። የድሮዎቹ አጫጭር ናቸው፣ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ቆሞ በማየት የተጻፉ። መንገድ ላይ ቆሞ ማየት ደግሞ ያሳስታል። በ18ኛው መቶ ዘመን ጡብ ፋሽን ሲሆን፣ ያለው ሰው የድሮ የእንጨት ቤቱን ሳያፈርስ ፊቱን ብቻ በጡብ ሸፈነው። ከፊት ለፊት ቆንጆ ቤት፣ ከጀርባ አሮጊት። ስለዚህ ጎኑን ዞራችሁ እዩ። ጣሪያው በጣም ቀጥ ብሎ የወጣ ነው? ምናልባት ድሮ ሳር ክዳን ነበረ። መስኮቶቹ ከጣሪያው ቁመት ጋር አልስማማ ብለዋል? ፊቱ ኋላ የመጣ ነው። የተደፈነ መስኮት ስታዩ ደግሞ ወዲያው "የመስኮት ግብር!" አትበሉ። ግብሩ እውነት ነው፣ ከ1696 እስከ 1851 ይከፈል ነበር፣ ሰዉም ላለመክፈል ይደፍን ነበር። ግን ብዙ የተደፈነ መስኮት መጀመሪያውኑ ለመልክ ሲባል እንደዚያው የተሠራ ነው። ጡቡ ከዙሪያው ጡብ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነና ተሳስሮ ከተገነባ፣ መስኮት ሆኖ አያውቅም።

ወደ ላቨንሃም እንመለስ። ቤተክርስቲያኑ ለመንደሩ አይመጥንም። ማማው ብቻ 43 ሜትር ገደማ ነው። ይሄን የሚያህል ድንጋይ ማን ከፈለው? ጠጋ ብላችሁ ድንጋዩን እዩ። ኮከብ ተቀርጿል፤ የደ ቪሮች ምልክት ነው፣ ያ ዱምስደይ ላይ ያገኘነው ቤተሰብ። ከኮከቡ ሌላ የስፕሪንግ ቤተሰብ ምልክት አለ። ስፕሪንጎች መሳፍንት አልነበሩም፣ የሱፍ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። ላቨንሃም በሰማያዊ ጨርቋ ታወቀች፣ በ1524 የግብር መዝገብ ላይም ከአገሪቱ ሀብታም ከተሞች ተርታ ገባች። ግድግዳው ራሱ ደረሰኝ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ገንዘቡ ሄደ። ኮልቸስተር የሰፈሩ የሆላንድ ስደተኞች ቀለል ያለ፣ ረከስ ያለ ጨርቅ ይዘው መጡ፣ የላቨንሃም ገበያ ወደቀ። ሰዉ ቤቱን አፍርሶ በፋሽኑ ለመሥራት አቅም አጣ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳባቸው ጎባጣ ቤቶች የቀሩት በዚህ ነው፤ በፍቅር ሳይሆን በማጣት። እንደዚህ ዓይነት መንደር ስታዩ "መቼ ሀብታም ሆነ?" ብቻ ሳይሆን "መቼ ደኸየ?" ብላችሁ ጠይቁ።

አደባባዩ ላይ ያለው ጊልድሆል፣ የማኅበር አዳራሹም ያው ነው። በ1529 ገደማ የኮርፐስ ክሪስቲ ማኅበር ሠራው። ማኅበር ስል እንደኛ ጽዋ ማኅበር አስቡት፤ በቅዱስ ስም ተሰብስበው የሚጸልዩ፣ የሚበሉ የሚጠጡ፣ የሞተ የሚቀብሩ። በ1547 መንግሥት እንዲህ ያሉ ማኅበራትን በሙሉ ዘጋ፣ ንብረታቸውንም ወሰደ። ቤቱ በኋላ እስር ቤት ሆነ፣ ድሆች እየሠሩ የሚያድሩበትም ሆነ፣ አሁን ናሽናል ትረስት በሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት እጅ ነው። አንድ ሕንፃ ስታጠኑ "ምን ነበር?" የሚለው ጥያቄ ብዙ መልስ እንዳለው አትርሱ።

ቤተ መዛግብት ስትገቡ

እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ ክልክል ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን አውጥቼ መጻፍ ስጀምር አንዲት ሠራተኛ እየሮጠች መጣች፣ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቀድማችሁ ኢሜይል ላኩ፣ የምትፈልጉትን የመዝገብ ቁጥር ጻፉ፣ መታወቂያና አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። በስልክ ፎቶ ማንሳት በብዙዎቹ ይቻላል፣ አንዳንዶቹ የቀን ክፍያ ይጠይቃሉ።

የአጥቢያ መዝገብ የጀመረው በ1538 ነው፣ የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር ይጻፍ ብሎ ባዘዘ ጊዜ። ሕዝቡ ያኔ "ይሄ ለአዲስ ግብር ነው" ብሎ ተጠራጥሮ ነበር። አልፈርድበትም። ብዙ መዝገብ ከዚያ ዘመን አልተረፈም፣ በ1640ዎቹና 50ዎቹ በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት ክፍተት አለ። ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ አይነበብም። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ የድሮ እጅ ጽሑፍ የሚያስተምር ነፃ ትምህርት ድረ ገጹ ላይ አለው፣ አንድ ቅዳሜ ስጡት። ከሩቁ ዘመን ወደ ቅርቡ ሳይሆን ከቅርቡ ወደ ሩቁ አንብቡ። የቄሱን እጅ እየለመዳችሁ ስትሄዱ ከባዱ ይቀላል።

አሁን እኛ የምንስቅበት ነገር፦ የዘመን አቆጣጠር። እንግሊዞች እስከ 1751 ድረስ ዓመት የሚለውጡት ማርች 25 ነበር። ስለዚህ መዝገቡ ላይ "ፌብሩዋሪ 10፣ 1665" ካለ በዛሬው አቆጣጠር 1666 ነው። ማስታወሻችሁ ላይ 1665/6 ብላችሁ ጻፉ። ያለዚያ ልጁ ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት ተወልዶ ታገኙትና ሰው ታማላችሁ። በ1752 ደግሞ ከሴፕቴምበር 2 ቀጥሎ ሴፕቴምበር 14 ዋለ። የዛሬው የግብር ዓመት ኤፕሪል 6 ላይ የሚጀምረው ከዚያ ሽግሽግ የተነሳ ነው። ግብር ሰብሳቢ 11 ቀን አይሰጥም።

መዝገቡን ከጨረሳችሁ "የድሆች ወረቀት አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፣ እኔ ግን እንጀራው እዚህ ነው እላለሁ። በ1662 የወጣ ሕግ አዲስ መጤ ድሀ ወደ ራሱ አጥቢያ እንዲመለስ ፈቀደ። ለመመለስ ደግሞ የየት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ሰውየውን ዳኛ ፊት አቁመው ይጠይቁታል፦ የት ተወለድክ፣ ማን ቤት ተቀጠርክ፣ ስንት ዓመት፣ በስንት ብር፣ መቼ አገባህ። አንድ የቀን ሠራተኛ ሙሉ ሕይወቱን በአንድ ገጽ ተናግሮ፣ ስሙን መጻፍ ስለማይችል ከታች መስቀል ምልክት አድርጎ ይወጣል። የሆም ኦፊስ ቃለ መጠይቅ የቀመሰ ሰው ያን ወረቀት ሲያነብ ዝም ብሎ አያልፈውም። ሀብታም ኑዛዜ ይተዋል፣ መካከለኛው ሰው ብዙ ጊዜ ከስሙ ሌላ ምንም አይተውም፣ ድሀው ግን ወጪ ስለነበር በደንብ ተጽፏል።

ቆጠራና የስም ጣጣ

ለቅርቡ ዘመን ሥራው ቀላል ነው። ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው ጁላይ 1837 ነው። የሕዝብ ቆጠራ ከ1801 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ አለ፣ የእያንዳንዱን ሰው ስም የምታገኙት ግን በአጠቃላይ ከ1841 ነው። የ1841ዱ ላይ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች በአምስት ይጠጋጋል፣ 39 ዓመት የሆነው ሰው 35 ተብሎ ይገኛል። የ1921ዱ ክፍት ነው። የ1931ዱ በእሳት ተቃጥሏል፣ በ1941 በጦርነቱ ምክንያት አልተቆጠረም፣ ስለዚህ በመካከል ያለው የ1939 መዝገብ ነው። እነዚህን የሚያሳዩት ድረ ገጾች ያስከፍላሉ፣ ግን ካርዳችሁን አውጥታችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። ብዙዎቹ እዚያው ተቀምጣችሁ በነፃ እንድትጠቀሙ ያደርጋሉ።

ስም ስትፈልጉ በድምፁ አስቡ። ጸሐፊው የሰማውን ነው የጻፈው። ለኛ ሰው ደግሞ ይብሳል። የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ከመቅደላ በ1868 ተወስዶ፣ በኖቬምበር 1879 ሊድስ ውስጥ ሄዲንግሊ ሞቶ፣ ዊንዘር ተቀበረ። የዘመኑ እንግሊዞች ግን ስሙን "አላማዩ" ብለው ይጽፉ ነበር። ዛሬ እኛ በምንጽፍበት ፊደል ብቻ የፈለገ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። አምስት ስድስት አጻጻፍ ወረቀት ላይ ዘርዝራችሁ ተራ በተራ ሞክሩ።

ሁሉንም ከጨረሳችሁ በኋላ ቤተክርስቲያኑን በአካል እንደገና እዩት። የመጀመሪያ ቀን ያላያችሁት ስም ግድግዳው ላይ ይጠብቃችኋል። የገጠር ቤተክርስቲያን ቀን ቀን ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ከተዘጋ በሩ ላይ ቁልፍ የያዘው ሰው ስልክ ይለጠፋል። ደውሉ፣ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሰው ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል፣ ማማው ላይ ልውጣ ካላችሁም አንዳንዶቹ ያወጧችኋል። ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ነጠላ ለብሳችሁ እንዳትሄዱ።